ጋሽ ሰብስቤ «ካንዴላ» ያላሉበት ሳምንት

በዚህ አገር የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው የለም። መኪናው በረሃ መሃል ይቁም፣ ዙሪያው ግራርና ፍየል ብቻ ይሁን፤ ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ቀና አድርጎ ወደ ውስጥ ባየበት ቅጽበት ከጀርባው አንድ ሰው ይቆማል። ከየት መጣ አይባልም። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ «ምን ሆነች?» ይላል። መልስ ግን አይጠብቅም። መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

ሞጆ ላይ ይህ ሰው ጥርሱን እየፋቀ ይመጣል። ቆቃ ላይ ዓሣ አንጠልጥሎ ይመጣል። ቡልቡላ ላይ አህያውን አቁሞ ይመጣል። አዳማ ላይ ግን ስምና አድራሻ አለው፤ ፍራንኮ ሰፈር የሚኖሩት፣ የተከበሩ ሊቀ ካንዴላ ጋሽ ሰብስቤ ናቸው።

ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት ፍንጣሪ የምታቀጣጥል፣ ነጭ ሸክላ የለበሰች፣ ከጣት የማትበልጥ ዕቃ ናት። ይህ የመካኒኮች ትርጉም ነው። በጋሽ ሰብስቤ ዘንድ ግን ካንዴላ የክፉ ነገር ሁሉ ሥር ናት። ባጃጅ አልነሣ ካለ ካንዴላ ነው። ሚኒባስ ዳገት ላይ ከደከመ ካንዴላ ነው። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ሹፌር እሳቸው ሰፈር ውስጥ መኪናው ተበላሽቶበት ቆሞ ሳለ፣ ጋሽ ሰብስቤ ቀርበው ሰሙና «ካንዴላ ነው» አሉት።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ ነው» አለ ሹፌሩ በትሕትና። «ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም።»

ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «አየህ? ችግሩ እሱ ነዋ!»

ምርመራቸው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ስለሆነ ዓይን ጣልቃ እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ቀጥለው ሹፌሩን «ነዳጅ ስጣት» ይሉታል። «ተው።» «ደግሞ ስጣት።» «ተው አልኩህ እኮ!» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ችሎት እንኳን እንዲህ ጸጥ አይልም። በመጨረሻ ፍርዱ ይነበባል። ፍርዱ አንድ ነው።

መካኒክ ሆነው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበሩ። መኪናም ኖሯቸው አያውቅም። መንጃ ፈቃድ ግን አላቸው፤ ጊዜው በደረሰ ቁጥር ዓይናቸውን አስመርምረው፣ ፎቶ ተነሥተው ያሳድሱታል። የሚነዱት ነገር እንደሌለ ያስታወሳቸው ሰው፣ «ወታደር ጠመንጃውን የሚያጸዳው ጦርነት ሲጀመር ነው እንዴ?» የሚል መልስ ያገኛል።

በቅርቡ ደግሞ ዘመን ከፋና የኤሌክትሪክ መኪና ሰፈሩ ገባ። ባለቤቱ በኩራት ኮፈኑን ከፈተላቸው። ጋሽ ሰብስቤ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ቤንዚን የለም፤ ድምፅ የለም፤ ካንዴላ የለም። የማያውቁት ሰው ለቅሶ ቤት በስሕተት እንደገባ ሰው ክዳኑን ቀስ አድርገው ዘጉና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ።

የእኚህ ሰው የቅርብ ጎረቤት ኢፍቱ ናት፤ ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ኢፍቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራ ትራንዚተር ናት፤ ቀኑን ሙሉ በኮንቴይነሮች መካከል እየተሯሯጠች የሰው ዕቃ ከጉምሩክ ታስወጣለች። አባቷ አቶ ፈይሳ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና አስቀምጠዋት ይጓዙ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀራት ትዝታ አንድ ነው፤ ሁሉም ሰው ያልፋቸው ነበር። አውቶቡስ ያልፋቸዋል፣ ሚኒባስ ያልፋቸዋል፣ ዳገት ላይማ ጋሪ ሳይቀር ያልፋቸዋል። ያን ጊዜ በልቧ የማለችውን ለማንም አልተናገረችም። ስታድግ ግን ባለ ቱርቦ መኪና ገዛች።

ሰማያዊ ናት፤ መሬት ለመሳም ትንሽ የቀራት፣ ሲረግጧት የሰውን ጀርባ ከወንበር ጋር የምታጣብቅ። ሰፈሩ «ሰማያዊዋ» ይላታል። ትራፊክ ፖሊስ ባስቆማት ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ናት?» ብሎ ነው። «የኔ» ስትለው መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ያያትና ጥያቄውን ይደግመዋል።

ሰማያዊዋ የታመመችው የኢፍቱ እህት ሶፊ የሠርጓን ቀን በቆረጠችበት ሰሞን ነው። እህትማማቾቹ የቆየ ቃል ኪዳን ነበራቸው። ሶፊ ቡልቡላ ካለው የአባቷ ቤት ሙሽራ ሆና ስትወጣ፣ የምትወጣው በኪራይ መኪና አይደለም፤ እህቷ በምትነዳው መኪና፣ ከእህቷ ጎን ተቀምጣ ነው። ሶፊ ይህንን ለሙሽራው ለቶኩማ ቤተሰቦች አስቀድማ ነግራቸዋለች። የቶኩማ አክስት «ሙሽራ ያለ ሹፌር?» ብለው ሲስቁ፣ ሶፊ ሳትስቅ «ስትመጣ ታዩዋታላችሁ» ብላቸዋለች። እንዲህ ተብሎ የተነገረ ነገር ደግሞ መቅረት አይችልም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሞጆ ስትመለስ፣ ፈጣን መንገዱ ላይ ኢፍቱ ነዳጁን ረገጥ ብታደርግ መኪናዋ እንደ ልማዷ አልተስፈነጠረችም። ትክ ትክ ትክ ብላ ተንቀጠቀጠች፤ ቢጫው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም አለ። እግሯን ስታነሣ ተወት አደረጋት። ስትረግጥ እንደገና ጀመራት። መካኒኮች «ሚስ ታደርጋለች» የሚሉት ነው፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ተራው ሲደርስ ሳያቀጣጥል ያልፋል። አራት ሰው ከተሸከመው ቃሬዛ ሥር አንዱ በየመሃሉ ትከሻውን እንደሚያወጣ ማለት ነው። በዝግታ ሲሄዱ አይታወቅም፤ ሩጡ ሲባል ነው በሽተኛው የሚወድቀው።

በሯ ላይ አቁማ ኮፈኑን ከፈተች። ዘወር ስትል ጋሽ ሰብስቤ መነጽራቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«ምን ሆነች?»

«ሚስ ታደርጋለች፣ ጋሽ ሰብስቤ። ስትቆም ደህና ናት፤ ስረግጣት ነው የሚነሣባት።»

«ስጫት።»

ሰጠቻት።

«ተያት።»

ተወቻት። ጋሽ ሰብስቤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ሁለቱንም አለበሳቸው፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ካንዴላ ነው» አሉ።

ኢፍቱ ሳቋን ዋጠች። በቀደም ዕለት የጓዳዋ ፍሪጅ ሲያጉረመርም በአጥር በኩል ሰምተው ካንዴላ ነው ብለዋት ነበር። ቢሆንም ጎረቤት ናቸውና «እሺ ጋሼ» ብላ፣ መኪናዋን ወደ ጃዕፈር ጋራዥ ወሰደች። ጋሽ ሰብስቤም አብረው ገቡ፤ ግቡ ያላቸው አልነበረም።

ጃዕፈር መካኒክ ነው፤ ከመካኒክነቱ በላይ ግን የኮምፒውተር ባለቤት ነው። ገመዱን መኪናዋ ላይ ሰክቶ ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚነበበው ኩራት ኮምፒውተሩን ራሱ የወለደው ያስመስለዋል። እሱና ጋሽ ሰብስቤ ተስማምተው አያውቁም። ጃዕፈር «ኮምፒውተር አይዋሽም» ይላል። ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ «ውሸታም ሁሉ ስለ ራሱ እንደዚያ ነው የሚያስወራው» ይላሉ።

ኮምፒውተሩ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው አለ። ጃዕፈርም ፈታትሾ ለሦስተኛዋ ካንዴላ እሳት የምትልከው ኮይል መድከሟን አገኘ።

«ኮይል ነው! ካንዴላ አይደለም!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ የሚናገረው ለኢፍቱ ሳይሆን ከኋላዋ ለቆሙት ነበር። «ካንዴላዎቹም ስላረጁ ግን አብረን እንቀይራቸዋለን።»

ጋሽ ሰብስቤ የሰሙት ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

አዲሶቹን ካንዴላዎች ከመለዋወጫ ሱቅ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አላመኑም። ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው የባጃጁን ሹፌር «ቀስ፣ ጉድጓድ አለ፤ ይሄ እንደ እንቁላል የሚያዝ ዕቃ ነው» እያሉ መጡ። ኢፍቱና ጃዕፈር ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ሳለ፣ ጋሽ ሰብስቤ ጥግ ላይ ለብቻቸው ቆመው አንዷን ካንዴላ ወደ ብርሃን እያነሡ ያገላብጡ ነበር። ኢፍቱ ዞር ስትል በመሐረባቸው ሲጠርጓት አየቻቸው። ክብር መስሏት አለፈችው።

ኮይሏ ተቀየረች፤ ካንዴላዎቹ ተቀየሩ። ኢፍቱ በደስታ ወደ ፈጣን መንገዱ ወጣች፤ ረገጠች።

ትክ ትክ ትክ።

ተመልሳ ጋራዥ ስትገባ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሁሉም ወደ ጋሽ ሰብስቤ ዞረ። ጃዕፈር ለመሳቅ ከንፈሩን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ጋሽ ሰብስቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤንዚኑ ይሆናል» አሉ።

ጋራዡ ውስጥ መፍቻ ይዞ የነበረ ሰው ሁሉ መፍቻውን አስቀመጠ።

ቤንዚኑ ተቀዳና ሌላ ተሞላ። ችግሩ ከሦስተኛው ሲሊንደር ንቅንቅ አላለም። ጃዕፈር የሦስተኛውን ኮይል ከአንደኛው ጋር አቀያየረ፤ ችግሩ እዚያው። ቤንዚን የምትረጨውን ኢንጀክተር አቀያየረ፤ ችግሩ እዚያው። የሲሊንደሩን ግፊት ለካ፤ ደህና ነው። ሶፊ ከቡልቡላ እየደወለች «እንዴት ሆነች?» ትላለች፤ ኢፍቱ «ተሽሏታል» ትላለች፤ ሁለቱም አያምኑም። በመጨረሻ ጃዕፈር እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ኢፍቱ፣ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት።»

«ሠርጉ ቅዳሜ ነው እኮ!»

«ለቅዳሜ አይደርስም። ለሚቀጥለው ቅዳሜም አልምልልሽም።»

ኢፍቱ ወደ ጋሽ ሰብስቤ ዞረች። አሁን ጦርነት ይነሣል፣ ጃዕፈርን ከነኮምፒውተሩ ከጋራዡ ያስወጡታል ብላ ጠበቀች። በልቧም ቢያስወጡት ደስ ባላት ነበር።

«ጃዕፈር ያለው ይሻላል» አሉ ጋሽ ሰብስቤ መሬት መሬት እያዩ። «ኮምፒውተር አይዋሽም።»

ጃዕፈር ደነገጠ። «ጋሽ ሰብስቤ፣ አመመዎት እንዴ? ውኃ አምጡላቸው!»

ኢፍቱ ሶፊ ጋ ደወለችና እውነቱን ነገረቻት። ሶፊ «ግድ የለም፣ እንከራያለን» አለች። ግድ የሌለው ሰው ድምፅ ግን አልነበረም። በማግሥቱ ሞተሩ ሊወርድ ቀጠሮ ተይዞ፣ ሰማያዊዋን እያዘገመች ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ባጃጆች አለፏት።

በሯ ላይ ስትደርስ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው የሚያደርገው አያጣምና ኮፈኑን ከፈተች። ማንም አልመጣም። ይልቁንም ከአጥሩ ወዲያ በር ሲዘጋ ሰማች።

ይህ ነገር ከመብራቱም ከመንቀጥቀጡም ይበልጥ አሳሰባት። የኮፈን ድምፅ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው ሰው ናቸው። ሄዳ አንኳኳች። የጋሽ ሰብስቤ ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች ከፈቱላት።

«ኧረ ግቢ ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ አንድ በይልኝ። እህል አልበላም ብሏል። የእኛ ፍሪጅ እንደዚያ ሲያጉረመርም ምንም አልተናገረም። ትናንት እኔ ራሴ ‹ካንዴላው ይሆን እንዴ?› ብለው፣ ‹ስለማላውቀው ነገር አልናገርም› አለኝ።» ወይዘሮ ተሻለች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ብሎኝ አያውቅም እኮ። ፈራሁ።»

ኢፍቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ደረቅ ወደብ የምትሠራ ሰው አንድ ነገር ታውቃለች፤ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራ አንዱን ዕቃ የሚዘልል ሰው ከገጠመ፣ መፈተሽ ያለበት ያ የተዘለለው ነው። ጋሽ ሰብስቤ ቤንዚን ብለዋል። ኮምፒውተሩ ልክ ነው ብለዋል። ሞተሩ ይውረድ ሲባል እሺ ብለዋል። ጃዕፈርም ቢሆን ሁሉን ነገር ሲያቀያይር ሦስተኛዋን ካንዴላ አልነካትም፤ አዲስ ናት፣ አዲስ ነገር ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ጥግ ላይ ያየችው መሐረብ ትዝ አላት።

ጋሽ ሰብስቤ ከጓሮ፣ ከፓፓያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፏል። ኢፍቱ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ካንዴላ ነው?»

እሳቸው ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመለከቱ ነበር።

«ጋሽ ሰብስቤ።»

«ሦስተኛዋ ናት» አሉ በለሆሳስ። «ወደቀችብኝ። ሲሚንቶው ላይ። ምንም የሆነች አልመሰለኝም፤ ጠርጌ ለጃዕፈር ሰጠሁት። ሦስተኛው ላይ ሲያስገባት ቆሜ አየሁት።»

«ሞተሩን ሊያወርደው ነው እኮ! የእህቴ ሠርግ... ለምን አልነገሩኝም?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ካንዴላ አይውደቅ እያልኩ ኖሬ፣ ጣልኳት ልበል?» መነጽራቸውን አወለቁና እንደገና አደረጉት። «ደግሞ ሌላም ነገር አለ ልጄ። ስንት ጊዜ ስናገር ኖሬያለሁ፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አላውቅም ነበር። አሁን የመጀመሪያዬ ነው። ለካ ሰው እርግጠኛ ሲሆን መናገር ይከብደዋል።»

ኢፍቱ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር። የተዛነፈውን ቁልፍ አየችና አፏን ዘጋች። ቁጣው አልጠፋላትም፤ የምታሳርፍበት ቦታ ነው ያጣችው።

«ይነሡ» አለች። «ጃዕፈር ሳይዘጋ እንድረስ።»

ጃዕፈር ሦስተኛዋ ካንዴላ ትውጣ ሲባል «አዲስ ናት እኮ!» አለ።

«አውጣት።»

«ኢፍቱ፣ ካንዴላዋ አዲስ...»

«ጃዕፈር፣ አውጣት።»

አወጣት። ወደ ብርሃን ይዟት አገላበጣት፤ ቀጥሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋት። በነጩ ሸክላ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ እሳት የሄደባት መሥመር ጠቁሯል። በዝግታ ሲሄዱ ፍንጣሪዋ ቦታዋን ትይዛለች። ቱርቦው አየር ሲያጭቅባት ግን በስንጥቋ ሾልካ ታመልጣለች፤ ቤንዚኑም ሳይቀጣጠል ያልፋል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ሌላ ካንዴላ ገባ። ኢፍቱና ጃዕፈር ወደ ፈጣን መንገዱ ወጡ። ኢፍቱ ረገጠች፤ ሰማያዊዋ እንደ ጥንቷ ተስፈነጠረችና ሁለቱንም ከወንበራቸው ጋር አጣበቀቻቸው። መብራቱ አልበራም። ጃዕፈር «በቃሽ፣ ገባኝ» እስኪላት ድረስ እግሯን አላነሣችም።

ሲመለሱ ሰው ጋራዡን ሞልቶታል። «ምን ሆና ነው? ማን አገኘው?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ።

«ጋሽ ሰብስቤ ናቸው» አለች ኢፍቱ ከመሪው ኋላ እንደተቀመጠች። «ካንዴላ ነው።»

ጃዕፈር ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «ጋሽ ሰብስቤ፣ ዛሬ ኮምፒውተሬን አሸነፉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ሕዝቡ አጨበጨበ። የባጃጅ ሹፌሮች ጡሩምባ ነፉ። ጋሽ ሰብስቤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ቀን ይህ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። እጃቸውን አነሡ።

«ወገኖቼ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ...»

ኢፍቱ ነዳጁን ረገጠች። ሞተሩ ጋራዡን በድምፅ ሞላው፤ ቆርቆሮው ተርገበገበ። የጋሽ ሰብስቤ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እጃቸው አንድ ነገር ሲወድቅ ያሳያል። ሕዝቡ ምንም ባይሰማም በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እግሯን አነሣች።

«...እና ሲሚንቶው ላይ...»

እንደገና ረገጠች። ተናዝዘው እስኪጨርሱ አልተወችም። ሞተሩ ጸጥ ሲል አንድ ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «በሳይንስ ነው ያስረዱት» አለው።

ዓርብ ከሰዓት ኢፍቱ ወደ ቡልቡላ ስትነሣ ጋሽ ሰብስቤንና ወይዘሮ ተሻለችን ይዛቸው ሄደች። ወይዘሮ ተሻለች ከኋላ ሆነው በነጠላቸው ተሸፋፍነው ይጸልያሉ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው አዲሱ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጡ ኢፍቱ ረገጠች። አውቶቡሱም፣ ሚኒባሱም፣ ተሳቢውም ወደ ኋላ ቀሩ። ጋሽ ሰብስቤ ከጎኗ ተቀምጠው ቃል አልተነፈሱም። የፈሩ መሰላትና እግሯን አላላች።

«አትተያት» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ደህና ሞተር። ሰምቼው አላውቅም ነበር እኮ። እኔ ጋ የምትመጣው የታመመችው ብቻ ናት።»

ኢፍቱ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችላቸው።

ቡልቡላ ሲደርሱ አባቷ አቶ ፈይሳ ዳሱ አጠገብ ሆነው ተቀበሏቸው። «አካም ጅርቱ! ደህና ናችሁ? ኑ፣ ኑ!» አሉና እንግዳውን አዩ። «እኚህ ማናቸው?»

«መኪናዋን ያዳኗት እሳቸው ናቸው፣ አባ» አለች ኢፍቱ ቶሎ ብላ።

አሁን የሚረገጥ ነገር እግሯ ሥር አልነበረም።

«ያበላሸኋትም እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ። «ካንዴላዋን ጥዬባት ነው። ደብቄም ነበር።»

አቶ ፈይሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዕድሜዬን በጋራዥ በር ላይ ነው የጨረስኩት። ‹እኔ ነኝ ያበላሸሁት› ያለኝ ሰው ግን አንድም አልገጠመኝም! ሁሉም ‹ስመጣ እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት› ነው የሚለኝ።» ክንዳቸውን ይዘው ወስደው፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ከራሳቸው ጎን አስቀመጧቸው። ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ ተጨዋወቱ። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ፣ ሌላው ነድቶ የማያውቅ፣ በአንድም ነገር አልተስማሙም፤ አንዳቸውም ግን ከቦታው አልተነሡም።

በማግሥቱ ሶፊ በእልልታ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወደ ሰማያዊዋ መጣች፤ እንደ ቃሏም ከእህቷ ጎን ተቀመጠች። የቶኩማ አክስት ከዳሱ ሥር ሆነው መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አዩና አልሳቁም። ሙሽራው ቶኩማ አበባውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ወንበር ሲያይ ግን ቦታው ተይዟል። አቶ ፈይሳና ጋሽ ሰብስቤ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጣጥፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል።

«እኔስ?» አለ ቶኩማ።

«ከሚዜዎችህ ጋር ተከተለን» አሉ አቶ ፈይሳ። «እኛ ሞተሩን እየሰማን ነው።»

ጋሽ ሰብስቤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሶፊ አፏን በአበባዋ ከልላ ትስቃለች። ቶኩማ ኢፍቱን አየ። ኢፍቱ ውረዱ ልትላቸው ትችል ነበር፤ መኪናዋ የሷ ናት፣ ሠርጉ የእህቷ ነው፣ ሙሽራ መሬት ላይ ቆሞ ሽማግሌ ጭኖ መሄድም በየትም አገር አልታየም። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመለከተቻቸው።

«ቀበቶ» አለች።

ሁለቱም አሰሩ።